በወስፌ ጫፍ የወጣ ደረጃ

ሐምሌ ፒያሳን ሲያጥባት፣ ባጃጁ ጭቃ ሲረጨኝ፣
ከፖስታ ቤቱ ጥግ ካለች ሸራዬ ሥር የሚያገኘኝ
ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦
«አንገረብ ለከርሞ ብሎ፣ ውላቸው ያለቀ አምስት ሰው
በነፃ አስፈርሟል አሉ፤ ከአምስቱ አንደኛው ማነው?»

«በነፃ» ይሉታል እነሱ። ነፃ ነገር ግን አላየሁም፤
ክሩም ሙጫውም በገንዘብ፣ ሸራውም በነፃ አልመጣም።
ስታዲየም ከገባሁ ቆየሁ፣ ጨዋታው በሥራ ሰዓት ነው፤
እኔ የማውቀው ታኬታቸውን፣ ታኬታ ደግሞ ምስክር ነው።
ገልብጠህ ሶሉን ስታየው፣
የሰው ጠባዩ ከሥሩ ነው።

ከታች እንጀምር እንግዲህ።
አምስተኛ፣ ሽኩር። አዎ፣ ሽኩር! አትጩኹብኝ።
ፎቶው በየካፌው ግድግዳ፣ ስሙ በየባጃጁ መስታወት፤
የጫማው አፍንጫ ግን አልለቀቀም የፋብሪካ ቅባት።
ጥርሱ አንድም አልተበላ፤ አጥቂ ነኝ ይላል፣ አብሳሪ፣
ቆሞ ይጠብቃል ኳሷን እንደ አዘዞ መስመር ተሳፋሪ።

አራተኛ፣ በርናባስ፣ ከሶዶ የመጣው አማካይ።
ሦስት ጥንድ አመጣልኝ፤ ሦስቱም በውጭ ጎን ያለቀ፣
እንደ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ባንድ ወገን የተፋቀ።
ትጉህ ነው። ግን የነገርኩትን ቃል ሳይተነፍስ ከፍሏል፤
ዋጋ የማይከራከር ሰው፣ ኳስም በቀላሉ ይለቃል።

ሦስተኛና ሁለተኛን አንድ ላይ ያዙልኝ፣ አልለያቸውም።
የዳባቱ ልጅ ቻላቸው በሰኔ አርባ ቁጥር ነበር፣
በሐምሌ አውራ ጣቱ ገፍቶ ስፌቴን አስጀመረው መሰንጠር፤
ገና የሚያድግ እግር ነው፤ ምን ብዬ ልፍረድ በዚህ ልጅ?
በረኛው ኦባንግ ደግሞ፣
ቅዳሜ ገበያን አዳርሼ «አርባ ሰባት አላችሁ?» ብል
ነጋዴው ሁሉ ሳቀብኝ፤ «ለሰው ነው?» ያለኝም ነበር።
ሶሉን ከመኪና ጎማ ቆርጬ ስሠራለት
ነፋስ መጣና ሸራዬን ከነእንጨቱ ነቀለው፤
ኦባንግ ከበርጩማው ሳይነሳ
በአንድ እጁ ከአየር ላይ ቀለበው።
ከዚህ ወዲያ ምን ፈተና?

መሳሳትስ ተሳስቻለሁ። ካቻምና ውብሸት የሚባል
የመጨረሻ ነው ብዬ፣ አሥራ አንድ ግብ አገባና
ሁለት ሳምንት ቤቴ የገባሁት ዞሬ ነው በሳሙና በር፣
ፒያሳ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ብዙ ስለነበር።

አንደኛው ላይ ስደርስ ዝም አልኩ።
ማክሰኞ ማታ፣ ዶፉ ሲያባራ፣ ሰው ሲቀል፣
እንየው መጣ፤ የጨጨላው፣ እዚሁ ያደገው፣
ስምንት ዓመት በየአገሩ ተጫውቶ የተመለሰው።
ጫማውን ከፌስታል አወጣ። ግራ ቀኙን አየና
«ጋሽ ደርበው፣ የግራውን ብቻ፤
ከውስጥ ትንሽ ቆዳ ጨምርልኝ፣ ተረከዙ ላይ።»

ገለበጥኳቸው። ቀኙ እስከ ክሩ ተበልቷል፤
ግራው ዛሬ ከካርቶን የወጣ ይመስላል።
አንድ ሰው ያደረጋቸው፣
ሁለት ሰው የሮጠባቸው።

ስለ ጉልበቱ አልጠየቅኩም። እሱም ምንም አልነገረኝ።
ሐኪም አይቶታል፣ ፈርሟል፣ ማኅተሙ ተመትቷል፤
ልጆቹን ማራኪ አስመዝግቧል።
«ስንት ነው?» «ሰማንያ።» መቶ ብር ሰጥቶኝ ሄደ፣
መልሱን ሳይቀበል።

በነጋታው ተሰበሰቡ። «እሺ፣ እንየውስ?»
ክሩን በሰም አሸሁት። ብዙ አሸሁት።
«አንደኛ» አልኩ።
አጨበጨቡ፤ «ጋሽ ደርበው ያውቃል!» ተባለ፣
ሽኩርን የሚወደው ልጅ ብቻ እየተሳደበ ሄደ።

ለምን እንዳልኩ እንጃ። ውሸትም ላይሆን ይችላል፤
በአንድ እግሩ እስከዚህ ለሮጠ፣ ባለ ሁለቱ ምን ይለዋል?
ጥቅምት ሲጠባ ሜዳው ይናገር፣
የእኔ ሥራ መስፋት ነው።
ሃያ ብሩ ግን እስካሁን
ከሙጫው ቆርቆሮ ሥር ነው።